35 ዶላር የተጠየቀበት አሮጌ የቪዲዮ ካሜራ፦ ለቤት ይጠቅማል?

የቦርከናው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) — ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ብዙም ከማይርቅ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ገብቼ አንድ የሶኒ ቪዲዮ ካሜራ አየሁ። ጎኑ ላይ «ሃይ ኤይት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ቻርጀሩ አብሮት አለ፤ ባትሪው ግን የለም። ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ ሲያበራው ትንሿ ስክሪን የሱቁን መደርደሪያ ቁልጭ አድርጋ አሳየች። ዙሙም ይሠራል። የተጠየቀበት 35 ዶላር ነው። እስከ ማክሰኞ እንዲያቆይልኝ ለምኜ ወጣሁ።

የምፈልገው ለሁለት ጉዳይ ነው። እናቴ በሚቀጥለው ወር ከደሴ ትመጣለች። 78 ዓመቷ ነው፤ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ትቆያለች። ከልጆቼ ጋር ስትጫወት፣ ቡና ስታፈላ፣ ስትመርቅ ቀርጬ ማስቀረት እፈልጋለሁ። ሌላው፣ ቁም ሣጥን ላይ በጫማ ካርቶን ያስቀመጥኳቸው 11 ትንንሽ ካሴቶች ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ እህቴ ጠቅልላ የላከችልኝ ናቸው። የእርሷ መልስ አለበት፤ የአያቴ ቤት አለበት። ከ20 ዓመት በላይ ማንም አላያቸውም፤ የሚታዩበት መሣሪያ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ባለቤቴ «ስልክህ እያለ ለምን አሮጌ ዕቃ ትሰበስባለህ?» ትለኛለች። እኔን የሚያስፈራኝ 35 ዶላሩ አይደለም። የማይረባ ዕቃ ገዝቼ ካሴቶቹን እንዳላስበላ ነው። የምታውቁ ምከሩኝ።


ቁጥብ (ዳላስ) — ቅዳሜ ማታ

ወንድሜ፣ አትግዛው። ሃይ ኤይት በጥሩ ቀኑ 400 የጥራት መስመር ገደማ ነው የሚያሳይህ። ተራው ቪዲዮ ኤይትና ቪኤችኤስ ደግሞ 240 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ በቁመቱ ብቻ 1080 ወይም 2160 ነጥብ ይቀርጻል። አቆጣጠራቸው አንድ ባይሆንም ልዩነቱን ዓይን ይፈርደዋል። እናትህን በዚያ ካሜራ ቀርጸህ ከአሥር ዓመት በኋላ ስታየው፣ ፊቷ ላይ ያለውን ንቅሳት እንኳን አትለየውም። በስልክህ ቅረጻት።

ካሴቶቹን ደግሞ ወደ ፋይል ለሚለውጡ ሰዎች ስጣቸው። እኔ ባለፈው ዓመት በካሴት 25 ዶላር ከፍያለሁ፤ በሦስት ሳምንት አለቀልኝ።


ቪዲዮ ጠጋኝ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) — እሑድ ጠዋት

ፒያሳ ውስጥ 13 ዓመት ዴክና ቪዲዮ ካሜራ ስጠግን ኖሬአለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

ቁጥብ ስለ ምስሉ የተናገረው ልክ ነው። እናትህን በስልክ ቅረጽ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አንተ ልትገዛ ያሰብከውን ዕቃ የምትመዝነው በሚቀርጸው ምስል ከሆነ 35 ዶላርም ይበዛበታል። የእርሱ ዋጋ ካሴት ማንበቡ ላይ ነው። የ8 ሚሊ ካሴት (ሃይ ኤይትም ቪዲዮ ኤይትም፣ ሪባኑ 8 ሚሊሜትር የሚሰፋው ማለት ነው) ማጫወቻ ዛሬ ከየትም ሱቅ አዲስ አይገዛም። ትልቁን የቪኤችኤስ ዴክ ሳይቀር የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ሥራውን አቁሟል። ከእንግዲህ ያለው ሰው ቤት የቀረው ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ካሜራ ለአንተ በካሜራ መልክ የተሠራ ማጫወቻ ነው።

አሁን ሻጩ ወዳሳየህ ነገር እንምጣ። ስክሪኑ መደርደሪያውን ማሳየቱ ሌንሱና ብርሃን የሚቀበለው ሲሲዲ ደህና መሆናቸውን ነግሮሃል፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አልነገረህም። ካሴቱን የሚውጠው፣ ሪባኑን ጎትቶ ክቡ ሄድ (ምስሉን የሚጽፈውና የሚያነበው የሚሽከረከር ብረት) ላይ የሚጠመጥመው፣ መልሶ የሚያጠነጥነው ክፍል ሌላ ነው። የሚሞተውም እርሱ ነው። ፒያሳ ሳለሁ ከአሥር ካሜራ ስምንቱ «ምስል ያሳያል፣ ካሴት ግን አይቀበልም» ተብሎ ነበር የሚመጣልኝ።

ማክሰኞ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። የማታዝንለት አንድ የ8 ሚሊ ካሴት ይዘህ ሂድ፤ ካለው ከዚያው ሱቅ ውስጥም ፈልግ። ክተተውና ጆሮህን ጠጋ አድርገህ ስማ። ጤነኛ ካሜራ ካሴቱን ሲውጥ ለስለስ ያለ የሞተር ድምፅ ያሰማና ጸጥ ይላል። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መልሶ ከተፋው ጥርሱ ተሰብሯል ወይም ጎማው አልቋል፤ አትግዛው። ከዋጠው ሁለት ደቂቃ ቅረጽ፣ ወደ ኋላ አጠንጥን፣ አጫውት። ከዚያ ካሴቱን አውጥተህ መክደኛውን ገልጠህ ሪባኑን ተመልከት። ጠርዙ ላይ እንደተኮማተረ ጥለት ያለ ነገር ካየህ ካሜራው ካሴት ያበላሻል ማለት ነው።

አንድ ፈተና ደግሞ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ካሜራው ራሱ የቀረጸውን በደንብ ሊያጫውት ይችላል። ሪባኑን የሚመሩት ትንንሽ ዘንጎች ከቦታቸው ፈቀቅ ካሉ ግን የራሱን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ይሆናል፤ ሌላ ካሜራ የቀረጸውን ስትሰጠው ምስሉ በበረዶ መስመር ይሞላል። ስለዚህ ሌላ ሰው የቀረጸበት ካሴት ካገኘህ እርሱንም ሞክር።

አሽትተውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ካሜራዎች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች ያፈስሳሉ፤ የዓሣ ሽታ ካሸተተህ ተወው። ስክሪኑ በጎን የሚዘረጋ ከሆነ ግን ዘግየት ያለ ሥሪት ስለሚሆን የተሻለ ተስፋ አለው። የሞዴሉ ስም በ«ሲሲዲ» ከጀመረ አናሎግ ነው፤ በ«ዲሲአር» ከጀመረ ዲጂታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ዲጂታል ኤይት ከሚባለው ወገን የድሮውን ካሴት የሚያነቡም የማያነቡም አሉ፤ የሚያነብ ካጋጠመህ ሁለት እጥፍ ከፍለህም ውሰደው።

ሁሉም ከመሆኑ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ካሴቶቹ ላይ ምን የሚል ጽሑፍና ቁጥር አለ? ማን ቀረጻቸው? ካሜራውስ የየት አገር ነበር?


የቦርከናው — እሑድ ከሰዓት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ሁሉም መዳፍ የሚያክሉ ናቸው። ሰባቱ ላይ «ፒ5-90» ይላል፤ አራቱ ላይ «ፒ6-120»። ከሰባቱ አንዱ ጀርባ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ «መልስ፣ ደሴ፣ ጥር 1986» ተብሎ ተጽፏል። እስክሪብቶው ደብዝዟል፤ የአባቴ «ደ» ግን የትም ባየው አይጠፋኝም፣ አንድ እግሯን ሁልጊዜ ረዘም ያደርጋት ነበር። ያን መልስ የቀረጸው ከጀርመን የመጣው አጎቴ ነው። ከአራቱ አንዱ «ኩታበር፣ እማማ ቤት» ይላል። እርሱን የቀረጸችው በ1990 ዓ.ም. ከአሜሪካ ለክረምት የመጣች አክስቴ ናት።

ቁጥሩ ትርጉም አለው እንዴ?


ቪዲዮ ጠጋኝ — እሑድ ማታ

አለው እንጂ! የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።

ጀርመን፣ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ፣ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት ነበር የሚሠራው፤ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሴኮንድ 30 የሚጠጋ ምስል። እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ስለሚቀረጽ 25ቱ 50፣ 30ው 60 ይሆናል፤ ካሴቱ ላይ ያለው 5 እና 6 ይህንኑ 50 እና 60 የሚያመለክት ነው። የሁለቱ ካሴቶች ሪባን ርዝመት ተቀራራቢ ነው፣ 107 ሜትር ገደማ። ፓል ካሜራ ግን በሴኮንድ 20 ሚሊሜትር ሪባን ይበላል፣ የአሜሪካው 14 ከምናምን። ስለዚህ ያው ካሴት እዚያ 90 ደቂቃ፣ እዚህ 120 ደቂቃ ይሄዳል።

ሱቁ ውስጥ ያየኸው ካሜራ እዚህ የተሸጠ ከሆነ ኤንቲኤስሲ ነው። የአክስትህን አራቱን ሊያነብ ይችላል። የአጎትህን ሰባቱን አያነብም። ሆኖም ቁጥሩ የሚነግርህ ባዶው ካሴት የት እንደተሸጠ ነው፤ እርግጠኛው ምስክር የቀረጸው ካሜራ ነው። አጎትህ የጀርመን ካሜራ ይዞ ከመጣ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ይህን የምልህ ለሌላ ምክንያትም ነው። የፓል ካሴት በአሜሪካ ካሜራ ስታጫውት ምስሉ ይንሸራተታል፣ ይቆራረጣል፣ ድምፁም ድምፅ አይሆንም። ሰው «ካሴቱ አርጅቶ ተበላሽቷል» ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። አንድ ሰው የአባቱን ለቅሶ ካሴት እንዲህ አድርጎ ጥሎ ከዓመት በኋላ ያለቀሰበትን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። እንዳትጥል።


ራይን ዳር (ኮሎኝ) — ሰኞ ጠዋት

ጋሼ ያሉት ሁሉ በእኛ ቤት ደርሷል። ወንድሜ ከአሜሪካ ቪዲዮ ዴክ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ ፈንዲሻው ተፈንድቶ፣ ዴክው በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ተሰካ። የ120 ቮልት ዕቃ ነበር። ጭሱ ሳሎኑን ሞላው። አባባ ቃል አልተናገረም፤ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። ስለዚህ ከአገር አገር ዕቃ የምትወስዱ ሰዎች የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ። የትንንሽ ካሜራዎች ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ «100-240» ይላል፤ እንደዚያ ካለ የትም ይሠራል። ካላለ ግን አትሰኩት።

የቦርከናው ወንድሜ፣ እኔ በ1997 እ.ኤ.አ. እዚሁ የገዛሁት የፓል ሃይ ኤይት ካሜራ አሁንም ይሠራል። በየዓመቱ የገና ሰሞን አውጥቼ አንድ ካሴት ስለማጫውትበት ይመስለኛል ያልደረቀው። የእናቴን ድምፅ የምሰማው በእርሱ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጫለሁ። ስለ ሰባቱ ካሴቶችህ እንነጋገር፤ በግል መልእክት እጽፍልሃለሁ።


ሰሚት (አዲስ አበባ) — ሰኞ ከሰዓት

እኔ 24 ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ካሜራዎች ዛሬም እቀርጻለሁ። ስለዚህ ለመቅረጽም ዋጋ የላቸውም የሚለውን አልቀበልም። በስልክ ስቀርጽ ደዋይ ያቋርጠኛል፣ መልእክት ይገባል፣ ቀርጬም ተመልሼ አላየውም፤ 6,000 ፎቶ መካከል ይጠፋል። ካሴት ላይ ስቀርጽ ግን የተወሰነ ደቂቃ ብቻ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ እያሰብኩ ነው የምቀርጸው። የሌንሱ ዙም ደግሞ 20 እጥፍ ይቀርባል። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ዳር ቆሜ ከታቦቱ ጋር የሚሄዱትን ዲያቆናት ፊት፣ የመቋሚያውን ጫፍ ሳይቀር አቅርቤ ቀርጫለሁ። ስልኬ ያንን ሲሞክር ምስሉ ይፈረካከሳል።

ችግሩን ግን አልደብቅም። የእኔ ካሜራ መርካቶ የተገዛ የአሜሪካ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ በፍሎረሰንት አምፖል ስቀርጽ ምስሉ ይርገበገባል። የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ፣ ካሜራው በ60 ስለሚሄድ ነው። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እቀርጻለሁ፤ የሻተሩን ፍጥነት 1/100 ላይ ማድረግ የሚፈቅድ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ እርሱን ይሞክር። አዲስ ካሴት ማግኘትም ከባድ ሆኗል፤ ያለኝን ደጋግሜ እየጻፍኩበት ነው።

ስለ ባትሪ ግን አትጨነቁ። ኤንፒ-ኤፍ የሚባለው ዓይነት የቪዲዮ መብራቶች ስለሚጠቀሙበት እስከ ዛሬ አዲስ ይሠራል። ከዚያ በፊት የነበሩት የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ናቸው ሞተው የሚገኙት።


ቁጥብ — ሰኞ ማታ

ሰሚት፣ ደጋግመህ የምትጽፍበት ካሴት ላይ ያለፈው ዓመት ጥምቀት ነበረበት? ከጠፋ ምን ይተካዋል? እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ካሴቱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ በስልክ የቀረጽከውን ግን ማታውኑ ሦስት ቦታ ታስቀምጠዋለህ።


ሰሚት — ሰኞ ማታ

ሳልገለብጠው አልጽፍበትም። ግን አነጋገርህ ገብቶኛል፤ የጥምቀቱን ካሴት፣ ላዩ ላይ እንዳይቀረጽ የምትከለክለውን መቆለፊያ፣ ዛሬ ዘግቼዋለሁ።


ጎንደሬዋ (ነታንያ) — ማክሰኞ ጠዋት

ለሌሎች እንዲጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ ካሴት ሁሉ አንድ አይደለም። የእኛ ቤት ካሴቶች ቪኤችኤስ-ሲ ናቸው። መጠናቸው ከ8 ሚሊው ጋር ስለሚቀራረብ እኔም 8 ሚሊ መስለውኝ ካሜራ ገዝቼ አልገባ አሉኝ። ቪኤችኤስ-ሲ ወፈር ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ መሳይ ክብ ይታያል። እርሱን አስማሚ ቅርፊት ውስጥ አስገብታችሁ በትልቁ ዴክ ታጫውቱታላችሁ፤ ካሜራ መግዛትም አያስፈልጋችሁ። ለ8 ሚሊ ግን እንዲህ ያለ አስማሚ የለም። አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።


የቦርከናው — ማክሰኞ ማታ

ከሱቁ መመለሴ ነው፤ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ጋሼ እንዳሉኝ መጀመሪያ አሸተትኩት፤ አይሸትም። ስክሪኑ በጎን የሚዘረጋ ነው፣ ሞዴሉም በሲሲዲ ይጀምራል። ሻጩ ከአንድ ቅርጫት ውስጥ የተጣለ ካሴት ሰጠኝ። ሲውጠው ለስለስ ያለ ድምፅ ነበር፣ ጸጥም አለ። ልቤ ሞቀ። ሁለት ደቂቃ ቀረጽኩ፣ አጠነጠንኩ፣ ማጫወቻውን ተጫንኩ። ድምፁ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ግማሹ በረዶ ነው። ከበረዶው ጀርባ የሻጩ ቀይ ሹራብ ይታያል፣ ይጠፋል። ሪባኑን አውጥቼ አየሁት፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ አልተኮማተረም። ሁለት ጊዜ ደግሜ አስገብቼ አወጣሁት፣ አንድም ጊዜ አልተፋውም።

ለሻጩ እውነቱን ነገርኩት፤ «ምስሉ እንዲህ ነው፣ ላይሠራም ይችላል» አልኩት። 15 ዶላር አደረገልኝ። ገዛሁት፤ አጠፋሁ ይሆን?


ቪዲዮ ጠጋኝ — ማክሰኞ ማታ

አላጠፋህም። ካሴቱን በሰላም እየዋጠና እየተፋ ምስሉ በረዶ መሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሄድ መቆሸሽ ነው። የተጣለውን ካሴት ስታጫውት ሄዱ ላይ ያለው ቅንጣት የሚያህል ክፍተት ተደፍኗል።

ቻርጀሩን ንቀል። የካሴቱን በር ክፈት፤ ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያክል እንኳን ያልሆነ ክብ ብረት ታያለህ። እርሱ ነው። ፋርማሲ ሄደህ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ግዛ። ጥጥ በፍጹም እንዳታስገባ! ክሩ ሄዱን ይነቅለዋል። ቃጫ የማይለቅ ለስላሳ ቆዳ፣ ካልሆነም ንጹሕ የቡና ማጣሪያ ወረቀት በአልኮሉ አርስ። ወረቀቱን ብረቱ ላይ ለስለስ አድርገህ ያዝ፣ እጅህን አታንቀሳቅስ፤ በሌላኛው እጅህ ከላይ በኩል ክቡን ብረት ራሱን በዝግታ ወደ ጎን አዙረው። ወደ ላይና ወደ ታች እንዳትፈትግ፤ ያን ጊዜ ይሰበራል። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ቡናማ መስመር ካየህ ደስ ይበልህ፣ ቆሻሻው እርሱ ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ።

ካሴቶችህን ስታጫውት ደግሞ መቆለፊያዋን ቀይዋ ምልክት እስክትታይ ድረስ ግፋት፤ በስሕተት ላዩ ላይ እንዳትቀርጽበት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አሳልፈው፣ መልሰህ አጠንጥነው፤ ለ25 ዓመት የተጣበቀ ሪባን ይላቀቃል። የመጀመሪያዋን ማጫወት ደግሞ በከንቱ አታሳልፋት። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተህ እየቀዳህ አጫውት። ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ ካሴት አለ። በመስኮቱ በኩል ሪባኑ ጥቅል ላይ ነጭ ዱቄት ካየህበት ሻጋታ ነው፤ እርሱን ወደ ካሜራው አታስጠጋው፣ ሄዱንም ሌሎቹንም ካሴቶች ይበክላል።


ራይን ዳር — ረቡዕ

ሽቦውን በተመለከተ ልጠንቀቅልህ። የካሜራው ቀዳዳ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይመስላል፤ በሌላ በኩል ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ የሆነ ሽቦ ይገባበታል። ከሌላ ዕቃ የተረፈ ተመሳሳይ ሽቦ ስትሰካበት ምስሉ ሊጠፋ ወይም ሊጮህ ይችላል፤ የውስጥ መስመሮቹ ቅደም ተከተል ይለያያል። ለካሜራው የተሠራውን ፈልግ። ኤስ-ቪዲዮ ቀዳዳ ካለው ግን ምስሉን በእርሱ ውሰድ፤ የሃይ ኤይት ቀለም የሚያምረው በዚያ ነው። እኔ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መቅጃ ነው የተጠቀምኩት። ትልቁን ፋይል ሳታሳንስ አስቀምጠው፤ ዲቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከሆነ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ለቤተሰብ በቴሌግራም የምትልከውን ደግሞ አሳንሰህ ለብቻ አዘጋጅ፤ እዚያ ካልከፈልክ በቀር አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም።


የቦርከናው — እሑድ ማታ

ወረቀቱ ላይ ቡናማ መስመር አየሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያዞርኩት።

ከዚያ የተጣለውን ካሴት አስገባሁ፤ የሻጩ ቀይ ሹራብ ሙሉ ሆኖ መጣ። ከአክስቴ አራት ካሴቶች አንዱ ነጭ ዱቄት አለው፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ሦስቱን አጫወትኩ፣ ሦስቱም ተነበቡ።

«ኩታበር፣ እማማ ቤት» የሚለውን ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሆነን ነው ያየነው። መጀመሪያ ሰማያዊ ስክሪን ነበር፣ ከዚያ ድንገት የአያቴ ቤት ደጃፍ። ጥግ ላይ ያለው ቀን 1995 ይላል፤ የካሜራው ሰዓት ተሳስቶ ነው፣ ነገሩ የሆነው በ1990 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ነውና። ዝናብ አባርቶ ጭቃው ያበራል። አክስቴ ወደ ውስጥ ስትገባ ምስሉ ይጨልማል፤ ቀስ በቀስ ካሜራው ጨለማውን ይለምደዋል፣ ከዚያ ከምድጃው ጎን አያቴ ትታያለች። ቡና እየወቀጠች ነው። የዘነዘናውን ምት ከቀሪው ዓለም ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጠበቅ፣ አንድ ላላ። ቀና ብላ ካሜራውን አየችና «ይኼ ነገር ሰው ይውጣል?» አለች። አክስቴ ትስቃለች። ከዚያ አያቴ የእኔን ስም ጠርታ፣ አሜሪካ ያለሁ መስሏት ለእኔ መረቀችኝ። ያን ጊዜ ገና ደሴ ነበርኩ። ምርቃቱ ወደ ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ትልቋ ልጄ ትርጉሙን እየጠየቀችኝ እያስረዳኋት ሳለ ድምፄ ተቆረጠ።

ባለቤቴ ስለ አሮጌ ዕቃ አልተናገረችም። የዩኤስቢ መቅጃውን 20 ዶላር ከፍላ ያዘዘችው እርሷ ናት። ስለዚህ እስካሁን 35 ዶላር አውጥተናል፤ መጀመሪያ ለካሜራው ብቻ የተጠየቅሁት ያህል ማለት ነው። ቁጥብ ወንድሜ፣ በ25 ዶላር ሒሳብ ሦስቱ ካሴት ብቻ 75 ይሆኑ ነበር።


ቁጥብ — እሑድ ማታ

አየሁት፣ ደስም ብሎኛል። የእኔ ሒሳብ አምስት ካሴት ለሌለው ሰው፣ ወይም አልኮልና ወረቀት ይዞ ለመቀመጥ ጊዜ ለሌለው ሰው ልክ ነው፤ አሁንም እንደዚያ ነው የምመክረው። የእናትህን ግን በስልክ ቅረጽ፤ በዚህ ጸንቻለሁ። ያ ሻጋታ ያለበትን ካሴት ደግሞ ለባለሙያ ስጠው፤ እዚያ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ።


ራይን ዳር — ሰኞ

በግል እንደተነጋገርነው ሰባቱን ካሴቶች በፖስታ አትላክ። ሌላ ቅጂ የሌላቸው ነገሮች ናቸው፤ ከጠፉ ማን ይመልሳቸዋል? ይልቅ ካሜራዬን ታናሽ እህቴ ይዛው ትመጣለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሠርግ ቨርጂኒያ ትገባለች። ቻርጀሩ «100-240» የሚል ነው፤ መሰኪያውን ብቻ የሚቀይር ትንሽ አስማሚ ያዝ። መቅጃህን 25 ምስል፣ 720 በ576 ላይ አስተካክለው፤ በአሜሪካው ልክ ከተውከው ምስሉ ይዛባል። ጨርሰህ ስትመልሰው በእጅ ሻንጣ ይሁን።


የቦርከናው — ከሦስት ሳምንት በኋላ

እናቴ ገብታለች። የጀርመኑ ካሜራም ደርሷል፤ እህቴ ሆይ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ሰባቱም ተነበቡ።

ትናንት ማታ የእህቴን መልስ አየን። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣትም። ከዚያ አባቴ በጥር ፀሐይ ከዳስ ሲወጣ ታየ፤ ግራጫ ሱፍ ለብሶ እንግዳ እየተቀበለ ነው። «ያቺን ከረባት እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ እርሱ ማሰር አይችልም ነበር» አለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ስልኬን አውጥቼ ድምፅ መቅረጫውን ከፍቼ አጠገቧ አስቀመጥኩት፤ ካሴቱን ከመጀመሪያው እንደገና አስነሣሁት። ሰው በታየ ቁጥር ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ ትነግረኛለች። ዳስ ውስጥ የነበሩትን ከ60 በላይ ሰዎች በስም ጠራቻቸው። አንድ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ፣ ክራር የያዘ ሰው ብቻ አልታወሳትም፤ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ እርሱንም አስታወሰችው።

ጋሼ፣ ካሴቶቹን ከእንግዲህ እንዴት ላስቀምጣቸው?


ቪዲዮ ጠጋኝ — በዚያው ምሽት

ሁሉንም ወደ አንድ ጫፍ አጠንጥናቸው፤ መሃል ላይ አቁመህ አትተዋቸው። በየሣጥናቸው አድርገህ እንደ መጽሐፍ አቁማቸው፣ አታጋድማቸው። ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር አይሁን፤ ሰው የሚኖርበት ክፍል ቁም ሣጥን ይበቃል። ከድምፅ ማጉያም አርቃቸው፣ ማግኔት አለው። የአባትህ ጽሑፍ ያለበትን ልጣፍ ደግሞ እንዳትቀይረው።

የአሜሪካውን ካሜራ በየስድስት ወሩ አውጥተህ ጥቂት ደቂቃ አጫውትበት። እናትህን ሰላም በልልኝ።